ከባሶ ገበያ እስከ «ዋጋ በኢንቦክስ»

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ነጋዴ ቋንቋ ነው። ረዘም ይላልና ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ልብስ ነው። የእንጅባራን ክረምት ያየ ሰው ብርድ ልብስ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። የጎረቤታችን ልጅ አንድ የዳንግላ ነጋዴ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ወፍራም ብርድ ልብስ አየች። ከፎቶው ሥር «ኦሪጅናል የቱርክ፣ ያለን ፍሬ ውስን ነው፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። እሷም እንደ እኩዮቿ አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ አናባቢውን እየዋጠች፣ «ሰላም ዋጋው ስንት ነው» ብላ ላከች። «1,800፣ የመጨረሻ» የሚል መልስ መጣ። ውድ ሆነባትና ተወችው።

ማታ አያቷ ወሬውን ሰሙ። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲናገሩት ግን ይደክማቸዋል። «እስኪ የወንድምሽን ስልክ አምጪው» አሉና በአውኚ የድምፅ መልእክት ላኩ። ነጋዴውም በአውኚ መለሰላቸው። ያው ብርድ ልብስ፣ በዚያው ቀን፣ 1,500 ሆነ።

ልጅቷ ተናደደች። እኔ ግን ነገሩን ስሰማ ትዝ ያለኝ ከ180 ዓመት በፊት የነበረ ገበያ ነው። ብዙዎቻችን ዋጋ መደበቅን፣ ቋንቋ መቀላቀልን፣ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ማለትን ቲክቶክና ቴሌግራም ያመጡት ይመስለናል። የጎጃም መንገድ ግን ይህን ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል፤ መንገዱን ያቀኑት ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው።

ከእንጅባራ ተነስታችሁ የአዲስ አበባን አስፋልት ይዛችሁ ደብረ ማርቆስ ስትደርሱ፣ በስተደቡብ ወደ ዓባይ የሚያዘቀዝቀው አገር ባሶ ሊበን ይባላል። ዋና ከተማው የጁቤ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በዚያ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ይመጣል። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። በባርነት ከሚነግዱት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ይህን እየዘለልን ስለ ቀደምት ነጋዴዎቻችን ብናወራ ተረት እንጂ ታሪክ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ባሶ አጠገብ ባለችው ያውሽ ተቀምጦ ገበያውን ያጠና ነበር። ራሱም ከንግድ ዓለም የመጣ ሰው ስለሆነ ምን ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት አሞሌ እንደሚሸጥ ይመዘግባል። ከዋጋው ጎን ግን ሌላም ነገር ሰበሰበ፤ ቃላት። በዚህ ጉዞው የ14 ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን አሳተመ። ከነዚህ መካከል የአገው ምድር አገውኛ (የዛሬው አውኚ)፣ የጉድሩ ኦሮምኛ፣ ጋፋትኛና ካፍኛ ይገኛሉ። ቤክ ካፋን በዓይኑ አላየም። የካፋ ቃላት ወደ እሱ የመጡት ቡናና ባሪያ በመጣበት በዚያው የገበያ መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ነጋዴ ስንት ቋንቋ ያስፈልገው እንደነበር አስቡት። ከጎንደር ወይም ከጣና ምሥራቅ ካለችው የነጋዴዎች ከተማ ከደሪጣ ይነሳል። ቤቱ አማርኛ ነው። በባሶ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ ሲገባ ኦሮምኛ ይይዛል፤ እስከ ሊሙ እናሪያ፣ እስከ አባ ባጊቦ ግዛት የሚያዋጣው እሱ ነው። ቡናውን ጭኖ ወደ ምጽዋ ሲወጣ ትግርኛ ያስፈልገዋል። በወደቡ ካሉ ነጋዴዎች ጋር ሲተሳሰብ ደግሞ ዐረብኛ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እናሪያ የደረሰው ይህንኑ የነጋዴዎች መንገድ ተከትሎ ነው፤ ኋላም በ1881 ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ።

ሙስሊሙ ለምን ነጋዴ ሆነ የሚለውን ታውቁታላችሁ። በደጋው ክርስቲያናዊ ግዛት ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ እርሻ የተከለከለ ሰው ሸማ ይሠራል ወይም በቅሎ ይጭናል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ነገሩ በብዙ ቦታ እንዲያ ነበር። ከቋንቋ አንጻር ያመጣው ውጤት ግን ብዙ ጊዜ አይወራም። ባለርስቱ ገበሬ ከመንደሩ ሳይወጣ በአንድ ቋንቋ ኖሮ ይሞታል። ነጋዴው ግን ቋንቋ ካልቆጠረ አይበላም። መሬት ያጣ ሰው ርስቱ ምላሱ ሆነች ማለት ነው።

የዚያ ምላስ ቅሪት ዛሬም በየአፋችን አለ። ደላላ፣ ሱቅ፣ ጅምላ፣ ኪሳራ፣ ሒሳብ፣ ሰነድ፣ ወኪል፣ ሀዋላ፣ ሽርክና፤ ሁሉም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የእንጅባራ ድንች ነጋዴ «ጅምላ ስንት ነው?» ሲል ዐረብኛ ተናገርኩ ብሎ አያስብም፤ ሊያስብም አይገባውም። ጣሊያን ሲመጣ መርካቶና ባንኮኒን ጥሎልን ሄደ። አሁን ደግሞ ኦርደር፣ ዲሊቨሪ፣ ስክሪንሾት እየገቡ ነው። በነዚህ የሚበሳጩ መምህራን አሉ፣ አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ግን «ኪሳራ»ን የተሸከመ አማርኛ «ዲሊቨሪ» ይሰብረዋል ብዬ አልፈራም። የንግድ ቃል ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይናገራል። ድሮ ዕቃው በቀይ ባሕር በኩል ነበር፣ ቃሉም ዐረብኛ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ቃል ላንሳ። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ማስታወቂያቸው መጨረሻ ላይ «ለክፍለ ሀገር ደንበኞቻችን በመኪና እንልካለን» ይላሉ። ክፍለ ሀገር በደርግ ዘመን «ጠቅላይ ግዛት»ን የተካ የአስተዳደር ስም ነበር፤ ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ጎንደር ክፍለ ሀገር እንደተባለው። አስተዳደሩ ከፈረሰ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቃሉን በሕይወት ያቆየው ነጋዴው ነው፤ ትርጉሙም «ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ማንኛውም ቦታ» ሆኗል። የሃያ ዓመት ልጅ እንጅባራ ተቀምጣ ሸቀጧን ስትጠብቅ፣ ከመወለዷ በፊት በፈረሰ አስተዳደር ስም ነው የምትጠራው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ወደ ዋጋው።

በቀይ ባሕር ወደቦችና በሶማሌ የከብት ገበያ የታወቀ የቆየ ልማድ አለ። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በላዩ ላይ ጨርቅ ወይም የጋቢ ጫፍ ይጣላል። ከጨርቁ ሥር ጣት በመንካት ይከራከራሉ፤ አንድ ጣት ይህን ያህል፣ እጅ ሙሉ ይህን ያህል። አፋቸው ስለ ዝናብ ያወራል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ድርድር እንዳለ ያያል፣ ቁጥሩን ግን አንድም ሰው አይሰማም። ባቢሌ የግመል ገበያ የሄደ ሰው ዛሬም ይህን ያያል።

«ዋጋ በኢንቦክስ» ያ ጨርቅ ነው። ፎቶው በአደባባይ፣ ቁጥሩ ከጨርቅ ሥር።

ሌላም መደበቂያ ነበር። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ኢትዮጵያ ነጋዴዎች የምስጢር ንግግር ጽሑፍ አሳትሟል፤ በ1964 ደግሞ የነጋዴውን፣ የአዝማሪውንና የሌሎችንም የምስጢር ቋንቋዎች በመጽሐፍ አወጣ። አሠራሩን ልጆች ሆነን በ«የወፍ ቋንቋ» ቀምሰነዋል። ቃሉ ያው የምታውቁት ቃል ነው፤ ድምፅ ይጨመርበታል ወይም ይጣመማል፤ ባዳው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ሁለት ነጋዴዎች ገዢው ፊት ቆመው «ከዚህ በታች እንዳትሸጥለት» መባባል ይችሉ ነበር። ዛሬ አስመጪዎች ለብቻቸው በተዘጋ የቴሌግራም ግሩፕ የጅምላ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ እኛ የምናየው ቻናል ላይ ሌላ ዋጋ ይወጣል። ቋንቋ ማጣመም አላስፈለጋቸውም፣ በር መዝጋት በቃቸው።

ዲናችን በዚህ ላይ ዝም እንዳላለ ታውቃላችሁ። ረሱል ﷺ ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ መንገደኞችን ገበያ ሳይደርሱና የከተማውን ዋጋ ሳያውቁ ከመንገድ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። ሳይገዙ ዋጋ የሚያንሩ ሰዎችን ማሰለፍንም፣ ነጅሽ የሚባለውን፣ ከልክለዋል። ሁለቱም ክልከላዎች የሚነኩት ዕቃውን ሳይሆን ማን ምን ያውቃል የሚለውን ነው። አሁን ፖስት ሥር ገብተው «ደርሶኛል፣ በጣም ኳሊቲ ነው» የሚሉትን የሻጩን ዘመዶች አስቧቸው። ይህ የኔ ምሳሌ ነው፤ ብይኑን ለዑለሞች እተዋለሁ። የአገሪቱ ሕግም ቢሆን በ813/2006 የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ሁላችንም ያሰብነው የሱቅ ግድግዳን ነበር።

ለነጋዴዎቹ ፍትሕ ለመስጠት፣ ምክንያታቸውንም ሰምቻለሁ። «ዋጋ ስጽፍ ጎረቤቴ 50 ብር ቀንሶ ይለጥፋል» የሚል አለ። «ዶላሩ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ፖስቱ ግን ዓመት ይቆያል» የሚልም አለ። ሁለተኛው እውነት አለው። አሞሌም ቢሆን ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይለወጥ ነበር።

አሁን ወደ ዳንግላ እንምጣ፤ የብርድ ልብሱ ነጋዴ አገር ነውና።

ዳንግላ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሻይ የምንጠጣባት ከተማ ትመስለናለች። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ግን የብሪታንያ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ከዚያ ተነስቶ ጣናንና ዓባይን በካርታ ያነሳ ሰው ነው፤ መጽሐፉን በ1936 አሳትሟል። ብሪታንያ ዳንግላ ምን ፈለገች ብትሉ፣ የጣና ውኃና የሱዳን ድንበር ነው። ወደ ምዕራብ ቁልቁል መተከል ነው፣ ከዚያ ሱዳን። በዚያ መስመር አገው፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አማራና ኦሮሞ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። እዚያ ገበያ ሁለት ቋንቋ የማያውቅ ሰው ማግኘት ነው የሚያስቸግረው።

በያኔው ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ቸርቻሪው የመናዊ ነበር። «ዐረብ ቤት» ሲባል ስኳርና ክብሪት የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ማለት ነበር። የየመኑ ሰው የደንበኛውን ቋንቋ ይማራል፣ ደንበኛው የሱን እንዲማር አይጠብቅም። ከሱ ቀጥሎ ሳጥኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው «ሱቅ በደረቴ» መጣ። ሱቅ በደረቴ በየበሩ ሲቆም የቤቱን ቋንቋ ይሰማል፤ እናት በር ከፍታ በምን እንደምታናግረው ያውቃል፤ በዚያው ይመልስላታል። ፊት ለፊት ንግድ ይህ በረከት አለው፤ ቋንቋውን የምትመርጠው ገዢዋ ናት።

ስልክ ላይ ይህ ተገለበጠ። ሻጩ ገዢውን አያያትም። ስለዚህ ለሁሉም ይሆናል ባለው ቋንቋ ይጽፋል፤ ያ ደግሞ የአዲስ አበባ ነጋዴ የሚጽፈው ዓይነት፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ አማርኛ ነው። ከአዊ ሰባት ቤቶች መካከል የሚኖር፣ እናቱ በአውኚ ያሳደገችው የዳንግላ ልጅ፣ ለእንጅባራ ጎረቤቱ ብርድ ልብስ ሲሸጥ የቦሌን ቋንቋ ይዋሳል። አውኚ የሚጻፍ ቋንቋ መሆኑን አትርሱ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ይማሩበታል፤ ፊደሉም ያው የግዕዝ ፊደል ነው። በአውኚ ማንበብ የሚችል ትውልድ አለ። በአውኚ የተጻፈ የብርድ ልብስ ማስታወቂያ ግን እኔ እስከዛሬ አላጋጠመኝም። ካጋጠማችሁ ኮሜንት ላይ አምጡልኝ፣ በደስታ እታረማለሁ።

ይህ ምን ያስጨንቃል ትሉኝ ይሆናል። የቤክን ዝርዝር አስታውሱ። ከ14ቱ አንዱ ጋፋትኛ ነበር አልኳችሁ። በዓባይ አካባቢ በጎጃም ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ቤክ ቃላቱን ከጻፈ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ያው ቮልፍ ሌስላው ተናጋሪ ፍለጋ ጎጃም ወረደ። ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ጋፋትኛ የለም። ገበያ ብቻውን አልገደለውም፤ አስተዳደሩም፣ ጋብቻውም፣ ሌላውም አለበት። ነገር ግን ከቤት ወጥቶ ሳንቲም የማያመጣ ቋንቋ መጀመሪያ ከገበያ፣ ቀጥሎ ከልጆች አፍ ይወጣል። አውኚ ብዙ መቶ ሺህ ተናጋሪ አለው፣ ከጋፋትኛ ጋር አይወዳደርም። ጥያቄው የብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ባልጻፍኩ።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ልበል። ልጅቷ አማርኛዋን በላቲን ፊደል ጻፈች ብዬ ነበር። ትላልቆቹ ይህን ሲያዩ «ፊደላችን ጠፋ» ይላሉ። ምክንያቱን ግን መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተሮች የጋራ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ በየኪሳችን የነበሩት ትንንሽ ቀፎዎች ለረጅም ጊዜ አማርኛ አይጽፉም ነበር። ሕዝቡ ባገኘው ፊደል ጻፈ፤ ጣት አንዴ ከለመደ ደግሞ ቶሎ አይተውም።

ለእኛ ደግሞ አማርኛን በሌላ ፊደል መጻፍ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። የወሎው ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን የጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነው። ዐጀም የምንለው ይኸው ነው። ዐረብኛ ፊደል «ጨ»ን እና «ጰ»ን አያውቅም፤ ጸሐፊዎቹ ግን ነጥብ እየጨመሩ አዋዋሉት። በመድረሳ ያደገ ሰው የሚያውቀው ፊደል ያ ነበር፣ በሱ ጻፈ። ልዩነቱ ሸይኹ አናባቢ አይውጡም ነበር፤ የኛ ልጆች ይውጣሉ። አንዳንዴ ከፊቴ ያለው መልእክት «ስንት ነው» ይሁን «ሰንበት ነው» ለመለየት ሦስቴ አነባለሁ።

ሌላው ትኩረት የሚስበኝ አጠራሩ ነው። አማርኛ ሰውን ሳይለይ «አንተ» ማለት አያውቅም። ወንድ ነህ ወይስ ሴት፣ ታላቅ ነህ ወይስ ታናሽ፣ ግሡ ራሱ ይጠይቃል። በገበያ ነጋዴው ቀና ብሎ ያይና «እትዬ»፣ «አባባ»፣ «እታለም» ብሎ ይጨርሳል። ስልክ ላይ ግን የፕሮፋይሉ ፎቶ አበባ ነው፣ ስሙም «የአላህ ባሪያ»። ስለዚህ በአደባባይ ፖስት ላይ ሁሉም «ይደውሉልን»፣ «ይዘዙን» ይላል፤ እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ። ኢንቦክስ ሲገባ ደግሞ በአንድ ጊዜ «ውዴ»፣ «የኔ ቆንጆ» ይሆናል። በሙስሊም ሻጮች ዘንድ «ኡኽቲ» እና «አኺ» ይህን ቦታ ይዘዋል። ኡኽቲ አክብሮትም ቅርበትም አለው፤ «ውዴ»ን ከማያውቁት ወንድ ለመስማት ለማትፈልግ እህት እፎይታ ነው። የአባያና የጅልባብ ነጋዴዎች ፖስታቸውን በሰላምታ ጀምረው በኢንሻአላህ ሲጨርሱ፣ ደሪጣና ባሶ ላይ ሰላምታው ያደርግ የነበረውን ነው የሚያደርጉት፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ዱቤ እስከመሰጣጠት የሚያደርስ መተማመን በአንድ ቃል ይከፈታል። «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» የሚለው ግን ከዚህ ለይቶ መታየት አለበት። ለሸቀጥ ማራገፊያ መማል በሐዲሥ የተነቀፈ ነው፤ በድሮው ገበያም የጠገራ ብር ባለቤት «ደኅና ነው» ብሎ ሲምል፣ ተቀባዩ መሐላውን ትቶ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ነጥቦች ነበር የሚቆጥረው። የዛሬ ሻጭ የቴሌብር ስክሪንሾት ሲላክለት ስክሪንሾቱን ትቶ የራሱን ሒሳብ እንደሚያየው ማለት ነው።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በስልክ የሚነግዱ ልጆች በአንድ ጊዜ ሱቃቸው ተዘጋ። ፖስት የለም፣ ኢንቦክስ የለም። የቀረው ጥሪ ብቻ ነበር። አንድ የማውቀው ልጅ ስልኩ ላይ የተመዘገቡ ደንበኞቹን አንድ በአንድ እየደወለ መሸጥ ጀመረ። ያኔ ነው ከደንበኞቹ ስንቶቹ ቤታቸው በአውኚ እንደሚያወሩ ያወቀው፤ ስልኩን የሚያነሱት እናቶች ነበሩ። «ሁለት ዓመት ስጽፍላቸው አማርኛ ነበሩ» አለኝ እየሳቀ። ድምፅ ሲመጣ ቋንቋውም አብሮ መጣ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የብርድ ልብሱን ነጋዴ ለማግኘት ጓጓሁ። በሰው በሰው አገኘሁት፤ የስሙን ነገር እንተወው። ለምን ለአያትየው 300 ብር እንደቀነሰ ጠየቅኩት። አላፈረም።

«ልጅቷ በላቲን ስትጽፍልኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሰለችኝ። እነሱ ዋጋ ይጠይቃሉ እንጂ አይገዙም፣ ስለዚህ ከላይ ነው የምነግራቸው። እማማ ግን በድምፅ በአውኚ ሲናገሩ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ለእናቴ 1,800 ልበላት?»

«ልጅቷም እኮ የሳቸው ልጅ ናት» አልኩት።

«ታዲያ በምን ልወቅ?» አለ። «እሷም በአውኚ ብትጽፍልኝ ኖሮ።»

«አንተስ ፖስቱን በአውኚ ጽፈኸው ታውቃለህ?»

ትንሽ ዝም አለና ስልኩን አወጣ። «ዲሊቨሪን በአውኚ ምን ይሉታል?» አለኝ። እኔም አላወቅኩትም። ቀኑን ሙሉ ስንጠይቅ ዋልን። አንዱ ሽማግሌ ሳቁና ከባሶ ጊዜ ጀምሮ በዚህ መንገድ ያለፈ ነጋዴ ሁሉ ሊመልሰው የሚችለውን ጠየቁን፦ «ዕቃውን የሚያደርሰው ማነው? ሰውዬው ምን ይባላል? መጀመሪያ እሱን ጥሩት።»